«ኤም-ፔሳ» ማለት ምን ማለት ነው?

ከናይሮቢ ኪሌሌሽዋ እስከ ካኩማ ገበያ ድረስ አረንጓዴውን የኤም-ፔሳ ሰሌዳ ያላየ ተማሪ የለም። ታዲያ ይህ በየቀኑ የምንጠራው ስም ከየት መጣ?

«ኤም» ሞባይል ከሚለው ቃል የተወሰደች የመጀመሪያ ፊደል ናት። «ፔሳ» ደግሞ በስዋሂሊ ገንዘብ ማለት ነው። ሳፋሪኮም አገልግሎቱን በመጋቢት 2007 እ.ኤ.አ. ሲጀምር አዲስ ቃል አልፈጠረም፤ በሰው አፍ ያለውን ቃል ወሰደና ከፊቱ አንዲት ፊደል ጨመረበት። ስለዚህ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ስሙን ሲሰማ ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ መሆኑ ይገባዋል።

ፔሳ ራሱ ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ቃል ነው። በሕንድ «ፓይሳ» የሩፒ ዝርዝር ነበር፤ በድሮው ሒሳብ አንድ ሩፒ 64 ፓይሳ ይመነዘራል። የሕንድ ነጋዴዎች ወደ ዛንዚባርና ሞምባሳ ሲመላለሱ ሳንቲሙም ስሙም አብሯቸው መጣ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ኬንያ ውስጥ ሩፒ ቀርቶ ሽልንግ ተተካ፤ ፔሳ የሚለው ቃል ግን ከሰው አፍ አልወጣም።

የእኛም «ብር» እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ የማዕድን ስም ነበር። ሕዝቡ በማርትሬዛ ጠገራ ብር ሲገበያይ የማዕድኑ ስም የገንዘቡ ስም ሆነ፤ ዛሬ በወረቀት ስንገበያይም ብር እንላለን። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱን «ቴሌብር» ሲለው የሄደው በዚያው መንገድ ነው። የኦሮምኛው «ቀርሺ» ከዐረብኛው «ቂርሽ»፣ «ሳንቲም» ደግሞ ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው።

ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያም ገብቷል። ስዋሂሊ ለማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ግን «ፔሳ» የድርጅት ስም ብቻ ነው። በካምፕ ያደገ ልጅ ግን ፔሳንም ብርንም ይሰማቸዋል። ይሄ ትንሽ ዕውቀት አይደለም። ድርጅቱ የንግድ ምልክቱን ቢያስመዘግብም ቃሉ የተናጋሪው ሕዝብ ነው።

መምህራን፣ እስቲ ይህን በክፍል ሞክሩት። እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ቋንቋ ገንዘብ ምን እንደሚባል ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጻፍ፤ ቃሉ ከየት እንደመጣም ወላጆቹን ይጠይቅ። የንግድ መንገዶችን ታሪክ ከዚያ መጀመር ይቻላል።