የስልክ እንጨትና የምስጥ ሒሳብ

ዛሬ ሞያሌም ሆነ ጅቡቲ ያለን ነጋዴዎች የዕለቱን ዋጋ በስልክ ጠይቀን ዕቃ እንጭናለን። በቀድሞው ዘመን ወሬው የሚደርሰው በሲራራ ነጋዴ አፍ ነበር። ይህን መለወጥ የጀመረው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ሥራው የተጀመረው የሐረር–አዲስ አበባ የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ነው። ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ሐረር የቡና ገበያና ወደ ባሕር መውጫ ስለነበረች መስመሩ ወደዚያ መዘርጋቱ አያስገርምም።

ሽቦውና መሣሪያው ከባሕር ማዶ መጣ። ያስቸገረው ግን ከአገር ውስጥ የሚቆረጠው እንጨት ነው። ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፣ ዝሆን ሲታከክበት ይጥለዋል። አንድ ምሰሶ ሽቦውን ይዞ ከወደቀ መስመሩ በሙሉ ዝም ይላል።

ምርጫውም ቀላል አልነበረም። ጥድ ምስጥን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረውም ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እያለቀ ነበር። በዚያው በ1890ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ምስጥን ግን አይችልም። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ምሰሶ እንዲሆን መጀመሪያ በደንብ መድረቅ፣ ቀጥሎም እንደ ክሪዮሶት ያለ መድኃኒት በግፊት መጠጣት አለበት። እርጥብ እንጨት መድኃኒት አይጠጣም።

እኔ ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ከጎረቤቶቼ ጋር ለመጋዘኖቻችን መብራት ለማስገባት ርካሽ ምሰሶ ገዛን። ላዩን ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ነበር። በሁለተኛው ክረምት አንዱ ከነሽቦው ወደቀ። ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት ሰዓት ስላልነበረ እግዚአብሔር ይመስገን።

የወደቀውን ስናየው ከላይ ደህና ነበር፤ የተበላው መሬቱን በሚነካበት ቦታ ነው። እርጥበትና አየር የሚገናኙት እዚያ ነውና ስትገዙም ስትፈትሹም እሱን እዩ።

ዋጋውንም ለዕድሜው አካፍሉት። በግማሽ ዋጋ ተገዝቶ ሁለት ዓመት የሚቆም እንጨት፣ በሙሉ ዋጋ ተገዝቶ ሃያ ዓመት ከሚቆመው በዓመት አምስት እጥፍ ይወደዳል።

ኮንክሪት ምስጥም እሳትም አይነካውም፤ ግን ከባድ ነው፣ ክሬን ይፈልጋል፣ በመጥፎ መንገድ ሲጫን ይሰነጠቃል። ብረት ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ዚንክ ካልተቀባ ግን እንደ ጅቡቲና በርበራ ባለ የባሕር ዳር ከተማ ጨዉ ያዝገዋል።

ጥሩ ምሰሶም ጉድጓዱ ካጠረ ይወድቃል። የተለመደው ልክ የምሰሶው ርዝመት አንድ ዐሥረኛ ሲደመር 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለ10 ሜትር ምሰሶ 1.60 ሜትር ማለት ነው። አፈሩንም አንዴ ከመድፋት ይልቅ በየድርብርቡ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል፤ ዋልካ መሬት ላይ ደግሞ ጠለቅ አድርጉት።

የምኒልክ ዘመን ሠራተኞች የወደቀውን እያነሡ መስመሩን አቆይተውልናል። እኛ አንዴ ስንተክል ደህና አድርገን እንትከል።