የቁልፉ ባለቤት ማን ነው?

የግል መልእክትን ከመንግሥት ዐይንና ጆሮ ይጋርዳሉ የሚባሉት መሣሪያዎች በእርግጥ ይጋርዳሉን? ይህ ጥያቄ ከኢንተርኔት ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላል። ነገር ግን ኢንተርኔት ከመስፋፋቱ ከብዙ ዓመታት በፊት መንግሥታት ራሳቸው ይህንኑ ጥያቄ በሚገባ ሳይጠይቁ ቀርተው ብርቱ ዋጋ ከፍለውበታል። ለዚህም ዋና ምስክር የሚሆነው በስዊትዘርላንድ የነበረው ክሪፕቶ አ.ጌ. የተባለው ኩባንያ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የኩባንያው መሥራች ቦሪስ ሐገሊን በ1892 በሩሲያ ግዛት ከስዊድናውያን ወላጆች የተወለደ መሐንዲስ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፥ ወታደር ይዞት ሊንቀሳቀስ የሚችል አነስተኛ የምሥጢር ጽሕፈት መኪና ለአሜሪካ ጦር አቀረበ፤ ከዚህም መኪና 140 ሺህ ያህል ተሠራ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ስዊትዘርላንድ ተዛውሮ በ1952 በዙግ ኩባንያውን አቋቋመ። ዘመኑ በእስያና በአፍሪካ አዳዲስ ነጻ መንግሥታት የሚቋቋሙበት ነበር። እነዚህ መንግሥታት ለኤምባሲዎቻቸውና ለጦር ሠራዊታቸው የምሥጢር መገናኛ ያስፈልጋቸው ነበር፤ መኪናውን ራሳቸው ለመሥራት ግን ዐቅሙ አልነበራቸውም። ስለሆነም ብዙዎቹ ከሁለቱ ጎራዎች ወደ አንዱም አልወገነችም ከምትባለው ከስዊትዘርላንድ መግዛትን መረጡ።

የመኪናው አሠራር በአጭሩ ሲገለጽ፥ ላኪው የሚጽፈው እያንዳንዱ ፊደል መኪናው ከሚያወጣው የቁልፍ ተከታታይ ጋር እየተደባለቀ ወደ ሌላ ፊደል ይለወጣል፤ ተቀባዩም በዚያው ቁልፍ የተስተካከለ መኪና ስላለው መልእክቱን መልሶ ይፈታዋል። ተከታታዩ ሊገመት የማይችል ከሆነ፥ መልእክቱን በአየር ላይ የጠለፈ ሰው የሚያገኘው ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ብቻ ነው። በውስጡ ሠሪው ብቻ የሚያውቀው ስውር ድክመት ከተቀበረበት ግን፥ ዘመናት ሊፈጅ የሚገባው ፍለጋ በአጭር ጊዜ ይጠናቀቃል። መኪናው ከውጭ ሲታይ ግን አንዳች ጉድለት አይታይበትም።

ሐገሊን ዊሊያም ፍሪድማን ከተባለው ስመ ጥር የአሜሪካ የምሥጢር ጽሕፈት ሊቅ ጋር የቈየ ወዳጅነት ነበረው። በ1950ዎቹ ዓመታት በዚሁ ወዳጅነት አማካይነት በተደረሰው ስምምነት፥ ጠንካራዎቹ መኪናዎች አሜሪካ ለፈቀደችላቸው አገሮች ብቻ እንዲሸጡ፥ ለሌሎቹ ግን ደከም ያሉት እንዲቀርቡ ተወሰነ። በ1967 ለገበያ የወጣው የኩባንያው የመጀመሪያ ኤሌክትሮኒክ መኪና ደግሞ ውስጣዊ አሠራሩ የተነደፈው በአሜሪካው ኤን.ኤስ.ኤ. ነበር። በመጨረሻም በ1970 የአሜሪካው ሲ.አይ.ኤ. እና የምዕራብ ጀርመኑ ቢ.ኤን.ዲ. ኩባንያውን በ5.75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በምሥጢር ገዙት። ደንበኞቹም እየበዙ ሄደው ከ120 አገሮች በላይ ደረሱ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከገዛ ግምጃ ቤታቸው እየከፈሉ፥ ምሥጢራቸውን በገዛ እጃቸው ለሌላ ያስረክቡ ነበር።

የተደመጠውም ነገር ቀላል አልነበረም። በ1978 በካምፕ ዴቪድ የሰላም ድርድር ጊዜ የግብጽ ልዑካን ከካይሮ ጋር የተለዋወጡት መልእክት፥ በ1982 በፎክላንድ ጦርነት ጊዜም የአርጀንቲና ጦር መልእክት ተነቧል። በ1986 በምዕራብ በርሊን በአንድ ዳንስ ቤት ፈንጂ ከፈነዳ በኋላ ፕሬዚዳንት ሬገን ሊቢያ ከምሥራቅ በርሊን ኤምባሲዋ ጋር የተለዋወጠችውን መልእክት ጠቅሰው በይፋ ሲናገሩ፥ በደንበኞች ዘንድ ጥርጣሬ እየበረታ ሄደ። የጥርጣሬውም ዕዳ በአንድ ሰው ላይ ወደቀ። በ1992 ኢራን የኩባንያውን የሽያጭ ሠራተኛ ሐንስ ቡለርን በቴህራን ይዛ ዘጠኝ ወር ያህል አሰረችው። ቡለር ግን የሚሸጠው መኪና ምን እንደ ተቀበረበት አያውቅም ነበርና ለመርማሪዎቹ የሚገልጠው ምሥጢር አልነበረውም። አንድ ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ ከተፈታ በኋላ ኩባንያው ብዙ ሳይቈይ ከሥራ አሰናበተው።

ጀርመን በ1993 ድርሻዋን ለአሜሪካ ሸጣ ስትወጣ፥ ሲ.አይ.ኤ. እስከ 2018 ድረስ ባለቤት ሆኖ ቈየ። ነገሩ በሙሉ የተገለጠው በ2020 ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ከጀርመንና ከስዊትዘርላንድ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጋር ሆኖ ባወጣው ዘገባ ነው። በዚያው ዓመት የስዊትዘርላንድ ምክር ቤት ተቈጣጣሪዎች የአገሪቱ የስለላ አገልግሎት ከ1993 ጀምሮ ነገሩን ያውቅ እንደ ነበር ገለጹ። ሶቪየት ኅብረትና ቻይና የኩባንያው ደንበኞች ሆነው አያውቁም። ከወጥመዱ ያዳናቸውም የሠሪውን ማንነት መጠርጠራቸው ነው።

ይህ ታሪክ ለዛሬው ዘመን ምን ያህል ይሠራል? በአንድ በኩል ሁኔታው ተሻሽሏል። እንደ ሲግናልና እንደ ቶር ያሉት ፕሮግራሞች አሠራራቸው ለሕዝብ ግልጥ ስለሆነ፥ ማንኛውም ዐዋቂ ሊመረምራቸው ይችላል። የቶር ሐሳብ የመነጨው በአሜሪካ ባሕር ኀይል የምርምር ላቦራቶሪ መሆኑ ያስጠረጥር ይሆናል፤ ይሁን እንጂ በ2013 ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣቸው ሰነዶች እንደሚያመለክቱት፥ ኤን.ኤስ.ኤ. ራሱ የቶርን ተጠቃሚዎች ሁሉ በማንኛውም ጊዜ ማጋለጥ እንደማይችል አምኗል። ስለዚህ መሣሪያዎቹ ከንቱ ናቸው ማለት ስሕተት ነው።

በሌላ በኩል ግን መንገዱ ሲዘጋበት ሰላዩ ወደ በሩ ዞሯል። በ2014 በአሜሪካ በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ባቀረበው ክስ፥ በኢሜይል የደረሰውን ሰነድ ሲከፍት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ወደ ኮምፒዩተሩ እንደ ገባና የስካይፕ ንግግሩን እየቀዳ ይልክ እንደ ነበር አመልክቷል። በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የተፈጸመውን ነገር እውነትነት ሳይመረምር፥ የውጭ አገር መንግሥት በዚህ ጉዳይ ሊከሰስ አይችልም በማለት ክሱን ዘጋው። የስካይፕ ንግግር በጉዞ ላይ የተቈለፈ ነበር፤ ዳሩ ግን ከመቈለፉ በፊትና ከተፈታ በኋላ እዚያው በባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከተቀዳ ቁልፉ ምን ይረባል?

እንግዲህ መልሱ እንዲህ ነው። ጥሩ መሣሪያ ሁሉን በጅምላ የሚያዳምጠውን ያግዳል፤ አንድን ሰው ለይቶ በብርቱ የሚከታተለውን ግን ብቻውን አይመልስም። ሠሪው ያልታወቀና አሠራሩ የማይመረመር መሣሪያ ደግሞ ከመከላከያነት ይልቅ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። የመሥሪያ ቤቱን መገናኛ እንዲመርጥ አደራ የተጣለበት የሙያ ሰው፥ ከዋጋውና ከሻጩ አገር ስም አስቀድሞ መሣሪያውን ማን እንደ ሠራው፥ ማን እንደ መረመረውና ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ ይገባዋል። ከመቶ የሚበልጡ መንግሥታት ያልጠየቁት ይህንን ነበርና። ጠርጥር፥ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር የሚለው የአበው ምክር በዚህ ሙያም ቦታ አለው።