የጥቍር ጠላ ፍርድ

የጠላ ጥቍረት የብርታቱ ምልክት ነው ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። መልኩን የሚያጠቍረው የእህሉ አቈላል ነው፤ አሻሮውና እንኩሮው በምጣድ ላይ እስኪጠቍር ድረስ ከታመሰ፥ ውሃ የበዛበት ቅራሪ እንኳ ጠይም ሆኖ ይቀዳል። ብርታቱ ግን ከብቅሉ፥ ከጥንስሱ ብስለትና ይልቁንም ከውሃው ማነስ የሚገኝ ነው።

ስለዚህ ዐዋቂ ቀማሽ በዐይኑ አይፈርድም። አስቀድሞ ያሸታል፤ በወይራ የታጠነ ጋን መዐዛው ከጠላው ጋራ ይወጣል፤ ያረረ እህል ሽታ ግን ጠማቂዋን ያሳማል። ቀጥሎ የጌሾው ምሬት ይመረመራል። ምሬቱ ጕሮሮ ላይ ጥቂት ቈይቶ ሊለቅ ይገባል፤ ኾምጣጣነት ከቀደመው ጠላው አልፎበታል።

በ19ኛው መቶ ዓመት በመኳንንት ቤት አሳላፊው መጠጡን ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር። ልማዱ ከመርዝ ፍርሃት የመጣ ነው ይባላል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተበላሸውን ጠላ ከእንግዳ ፊት የሚመልሰውም ያው መዳፍ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በ1915 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ ሲቋቋም፥ ጣዕሙ ከጠርሙስ ጠርሙስ እንዳይለያይ ተደርጎ የሚጠመቅ መጠጥ ለገበያ ቀረበ። የጠላ ጋን ግን ዛሬም እያንዳንዱ ለብቻው ይቀመሳል፤ የመጀመሪያዪቱም ቀማሽ ብዙውን ጊዜ የጠመቀችው ሴት ናት።