የአሮን በትር ኦቾሎኒ አላፈራችም

እህቴ ከጅዳ ደውላ «ለውዝ ልኬላችኋለሁ» ስትል እማ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ እኔን አየችኝ። «ለእኔ? ለውዝ?»

ግርምቷ ይገባኛል። እማ ሰኞ ገበያ ቆሎ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉ፣ ለውዙ በየከረጢቱ ከፊቷ ተደርድሮ እሷ ከኋላ በርጩማ ላይ ነው ያደግነው። የእኔም የእህቴም ደብተር የተገዛው በለውዝ ነው። እና አሁን ልጇ ባሕር ተሻግራ ለውዝ ትልክላታለች። «ልጄ፣ ብር ከቸገረሽ ምንም አትላኪ፤ እኛ ደህና ነን» አለቻት። እህቴ ከወዲያ ማዶ በሳቅ ፈረሰች። «አይ እማ፣ የእኛን አይደለም። ለውዝ ነው የምልሽ! እውነተኛውን!»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዕቃው በሰው እጅ መጣ። ከሻሽና ከሳሙና መሀል ሁለት ኪሎ፣ ቡናማ፣ አንድ ጫፉ ሾል ያለ ፍሬ። እማ አንዱን አነሳች፣ አሸተተች፣ ነከሰች፣ ቀስ ብላ አኘከች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ይሄ ለውዝ ከሆነ፣ እኔ ስሸጥ የኖርኩት ምንድነው?» አለች።

ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ስፈልግ ከረምኩ።

አጭሩ መልስ ሁለቱም ልክ ናቸው የሚል ነው። «ለውዝ» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ በዐረብኛ ደግሞ ሁልጊዜም የዛፉ ፍሬ ስም ነው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች «አልመንድ» ተብሎ በትንሽ ላስቲክ የሚሸጠው። እህቴ ጅዳ ገበያ ገብታ የእማን ለውዝ ብትፈልግ «ፉል ሱዳኒ» ብላ ነው የምትጠይቀው፤ የሱዳን ባቄላ ማለት ነው። (ዐረቦቹም የሰው ስም ሰጡት እንጂ የራሳቸው አልነበረም።) ቃሉ ዕድሜው ረጅም ነው። ዕብራይስጡም «ሉዝ» ይላል፤ ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ የተኛባት ቤቴል የቀድሞ ስሟ ሉዝ ነበር። ግዕዙ ግን ሌላ ቃል አለው፣ «ከርካዕ»።

ከዚህ በኋላ እኛም እንዳንምታታ የዛፉን አልመንድ፣ የእማን ኦቾሎኒ እያልኩ ልቀጥል።

ኦቾሎኒ ለእኛ እንግዳ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፣ ዛሬ ቦሊቪያና ሰሜን አርጀንቲና በምንላቸው አካባቢዎች። ወደ አፍሪካ የተሻገረው ኮሎምበስ አሜሪካ ከደረሰ በኋላ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በፖርቱጋሎች መርከብ ነው። ይህ ማለት ግራኝ አሕመድ በወሎ ምድር ሲያልፍ ምናልባት እዚህ አገር አንድም ሰው ኦቾሎኒ ቀምሶ አያውቅም ነበር። የባቢሌና የጉርሱም ገበሬ የዘመናት ሰብሉ አድርጎ የሚያየው፣ እኛም «የሐረር ለውዝ» ብለን የምንኮራበት ፍሬ፣ ከበርበሬና ከበቆሎ ጋር በአንድ ዘመን የተሰደደ ነው።

ታዲያ የዛፉ ስም እንዴት የመሬቱ ሆነ? የእኔ ግምት ይኼ ነው። ቃሉ ከፍሬው በፊት ደርሷል። በቀይ ባሕር ንግድ፣ በቁርዓን ቤት፣ በመጻሕፍት ትርጉም «ለውዝ» የሚባል ጣፋጭ ፍሬ እንዳለ ሰው ሰምቷል። ደሴ ውስጥ እስከዛሬ አረብ ገንዳ የሚባል ሰፈር አለን፤ ዐረብኛ ለወሎ ሰው የጎረቤት ቋንቋ ነው። ዛፉ ግን አልመጣም። ስሙ ባዶ ወንበር ሆኖ ቆየ። በኋላ ሽፋኑ ተፈልፍሎ የሚበላ፣ ቅባት ያለው፣ ሲቆላ የሚሸት አንድ እንግዳ ሲመጣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ማንም አልተከራከረውም።

ትንሽ የሚያስቀው ነገር የሚመጣው መጽሐፍ ቅዱስ ጋ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ውዳሴ ማርያምን በቃላቸው የሚወጡ ሴት ናቸው። የአሮን በትር ያለ ውሃ ለምልማ ማፍራቷ የእመቤታችን ምሳሌ እንደሆነ ከልጅነቴ ነግረውኛል፤ እኛ ሙስሊም ብንሆንም ከፍልሰታ ጾም ወሬ የማንካፈለው አልነበረም። በዘኁልቅ ታሪኩ ላይ በትሯ ያፈራችው በአማርኛው «ለውዝ» ነው። «እትዬ፣ ያቺ በትር ላይ ምን አይነት ለውዝ ይታይዎት ነበር?» አልኳቸው። «ምን አይነት ማለት ምንድነው? ይኸው እናትህ የምትሸጠው ነዋ!» ከነልጣጩ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ ከበትር ላይ ተንጠልጥሎ። እኔም እንደሳቸው ነበር የማስበው። የኦቾሎኒ ነገር ግን ከበትር ጋር ጨርሶ አይሄድም። ቢጫ አበባው ከረገፈ በኋላ ግንዱ እንደ መርፌ ቀጭን ነገር ወደታች ይልካል፤ ያ አፈሩን ወግቶ ይገባና ፍሬው እዚያው ጨለማ ውስጥ ያድጋል። ቻይናዎች «ከወደቀ አበባ የተወለደ» የሚሉት ለዚህ ነው።

የጠፋብን ግን ከሳቁ ይበልጣል። አልመንድ በመካከለኛው ምሥራቅ ከሌሎች ዛፎች ቀድሞ፣ ገና ቅጠል ሳያወጣ፣ በባዶ ቅርንጫፍ ላይ ያብባል። በዕብራይስጥ «ሻቄድ» ይሉታል፣ ንቁ እንደማለት። ነቢዩ ኤርምያስ የዚህን ዛፍ በትር ሲያይ እግዚአብሔር የሚመልስለት «እተጋለሁ» በሚል፣ ከዛፉ ስም ጋር በሚገጥም ቃል ነው። ቅኔ ነው ማለት ነው፣ ሰምና ወርቅ ያለው። መክብብም እርጅናን ሲስል የዚህን ዛፍ ማበብ ያነሳል፤ አበባው ነጭ ስለሆነ ሽበት ነው። በቢጫ የኦቾሎኒ አበባ ሽበት ማሰብ ይከብዳል። ቅኔ ወዳዱ ሕዝብ ሁለቱን ቅኔዎች በአንድ ቃል ምክንያት ሳያገኛቸው አለፈ።

ዛፉን ራሱን ካየነው ደግሞ ዘመዱ ጓሯችን ውስጥ ነው። ኮክ! ኮክና አልመንድ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ሥጋው ይበላል፣ ሌላው ውስጡ። ልጅ ሆነን የኮክ ድንጋይ በድንጋይ ቀጥቅጠን ውስጡን ስንቀምስ እንደምናንገሸግሽ ትዝ ይላችኋል? ያ ምሬት አሚግዳሊን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ሲታኘክ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ ይለቃል። የዱር አልመንድም እንደዚያው መራራና አደገኛ ነው። ጣፋጩ የተገኘው አንዲት የዘር ለውጥ ምሬቱን ባጠፋችባቸው ዛፎች ነው፤ የጥንት ገበሬዎች እነዚያን መርጠው ተከሉ። ከ5 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ ይለማ ነበር። የግብፁ ንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር በ1922 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ከስንቁ መሀል አልመንድ ነበረበት። (የኮክ ውስጡን ለልጆቻችሁ አትስጡ፤ እኛ ተርፈናል እንጂ ትክክል አልነበርንም።)

«ታዲያ ደሴ ለምን አይተክሉትም?» ብላኛለች እማ። ነጋዴ ናት፣ ወዲያው የምታስበው ይህንን ነው። ችግሩ ወቅቱ ነው። አልመንድ የሚፈልገው ብርዳማ ክረምትና ደረቅ፣ ሞቃት በጋ ነው፤ ፍሬው የሚበስለው በሐምሌና ነሐሴ ነው። በሐምሌና ነሐሴ ጦሳ ጭጋግ ለብሶ ደሴ ላይ ዝናቡ እንዴት እንደሚወርድ ለደሴ ሰው አልነግረውም። በዚያ እርጥበት ፍሬው ሳይደርስ ይሻግታል። ለዚህ ነው ከዓለም አልመንድ አምስት እጁ አራቱ ያህል ከአንድ ቦታ፣ በጋው ከማይዘንብበት ከካሊፎርኒያ የሚመጣው። እዚያም ቢሆን ለመስኖ የሚጠጣው ውሃ ዘወትር ያጨቃጭቃል።

አሁን ወደ ሆድ እንምጣ። ቲክቶክ ላይ አልመንድ ቆዳ ያጠራል፣ ፀጉር ያሳድጋል፣ አእምሮ ይከፍታል ይባላል። እህቴ የምትሠራበት ቤት ማታ ማታ አልመንድ ትዘፈዝፋለች፣ ጠዋት ልጣጩን እየገፈፈች ለልጆቹ ታቀርባለች። ስድስት ዓመቷ ነው። የላከችልን በዚያ ቤት ክቡር ሆኖ ያየችውን ነገር ነው፤ እኛም እንድንቀምሰው። ይሄ ስለገባኝ የሚቀጥለውን ነገር ለእሷ ለመናገር ትንሽ ፈርቼ ነበር።

አንድ እፍኝ፣ 28 ግራም ያህል፣ አልመንድና ኦቾሎኒ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ጉልበታቸው እኩል ነው፣ ሁለቱም 160 ካሎሪ ገደማ። ቅባታቸውም እኩል፣ 14 ግራም አካባቢ፤ አብዛኛው ለልብ የሚስማማው ዓይነት። ፕሮቲን ላይ ኦቾሎኒ ትንሽ ይበልጣል፣ 7 ለ6። ፎሌት የሚባለው፣ ለነፍሰ ጡር እጅግ የሚያስፈልገው ቫይታሚን፣ ኦቾሎኒ ውስጥ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አልመንድ የሚያሸንፈው በቫይታሚን ኢ (7 ሚሊግራም ለ2)፣ በካልሲየምና በአሰር ነው። መናቅ የለበትም። ግን በዚህ ልዩነት ያን ያህል የዋጋ ልዩነት ይከፈላል ወይ ብትሉኝ፣ እኔ የቆሎ ሻጭ ልጅ ነኝ፤ መልሴን ታውቁታላችሁ።

ጾም ላይም ሁለቱ ይገናኛሉ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ጿሚው ሕዝብ ወተት ሲከለከል አልመንድ ፈጭቶ በውሃ አሽቶ «ወተት» ያወጣ ነበር፤ የዚያ ዘመን የምግብ መጻሕፍት በእሱ የተሞሉ ናቸው። እኛ ጋ ሁዳዴ ሲገባ ካፌው ሁሉ የለውዝ ሻይ ያወጣል፣ ትኩስ፣ ወፈር ያለ። ቃሉ የተቀያየረ ይመስላል እንጂ ሥራው አንድ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ኦቾሎኒ ወሎ ውስጥ የሠራውን ሥራ አልመንድ አልሠራም። በ1965 እና 66፣ ከዚያም በ1977 ረሃብ ጊዜ በጣም የተጎዳ ሕፃን የሚታከመው በዱቄት ወተት ነበር። ዱቄቱ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል፤ እናትየዋ ቤቷንና ሌሎች ልጆቿን ትታ ተላላፊ በሽታ በሞላበት መጠለያ መሰንበት አለባት። በ1996 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ አንድሬ ብሪያንድ የተባለ ሐኪምና ሚሼል ሌካን የተባለ የምግብ ባለሙያ የተፈጨ ኦቾሎኒን ከወተት ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከዘይት፣ ከቫይታሚንና ከማዕድናት ጋር ለወሱት። ፕላምፒ ናት ተባለ። 92 ግራም፣ 500 ካሎሪ። ውሃ አይፈልግም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ እናት ቤቷ ወስዳ ልጇን ከከረጢቱ ታጎርሰዋለች። በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ይህ ቤት ለቤት የሚደረግ ሕክምና ቀድሞ ከተሠራባቸው ቦታዎች አንዱ ደቡብ ወሎ ነበር፣ ደሴ ዙሪያና ቃሉ፤ ኮምቦልቻን የከበበው ወረዳ።

እማ በ77 ታናሽ ወንድሟን አጥታለች። ስሙን እንጂ ሌላ ብዙ አታወራም። ይሄን ሳነብላት ምጣዱ ላይ ኦቾሎኒ እየቆላች ነበር፤ ማማሰሏን አቆመች። «ለውዝ ነው ያልከኝ?» አለች። አዎ አልኳት። ሊያር ሲል ነው ወደ እጇ የተመለሰችው።

አንድ የማልደብቀው የኦቾሎኒ ነውር አለ። እርጥበት ባለበት ከተከማቸ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል፣ ጉበት የሚጎዳ፣ ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ያመርታል። መቁላት አያጠፋውም። የምሥራቅ ሐረርጌ ኦቾሎኒ ላይ በተደጋጋሚ ተገኝቷል፤ ገበሬው ጥሩ ገበያ የሚያጣበትም አንዱ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ቴክኖሎጂ አይደለም፣ ቶሎ ማድረቅና መልቀም ነው። እማ ማታ ማታ በሰፌድ አበጥራ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ ያረጀውን ስትለቅም «ምናለ አንድ ላይ ብትሸጪው» እላት ነበር። ሳይንሱን ሳታውቅ የምትሠራውን ሳይንስ እኔ ነኝ ዘግይቼ ያወቅኩት። ስትገዙ እናንተም ልቀሙ፤ የመረረ ከሆነ ትፉት።

የእህቴ አልመንድ? እማ ግማሹን በጨው ውሃ ረጭታ ቆላችው፤ ለቡና ቁርስ ቀረበ። እትዬ «ይህች ናት የአሮኗ?» ብለው አንዷን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ተሳልመው ጎረሱ። «ኮክ ኮክ ትላለች» አሉ፤ እኔ ስለ ዝምድናው ገና አልነገርኳቸውም ነበር። የቀረውን ግማሽ እማ በብልቃጥ አድርጋ ሰኞ ገበያ ከለውዙ አጠገብ አስቀመጠችው። አትሸጠውም። የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ «የልጄ ነው» ትላለች፣ አንድ አንድ ታስቀምሳለች።

ባለፈው አርብ እህቴ ደወለች። ሰው ሊመጣ ስለሆነ ቆሎ እንድንልክላት ፈለገች። «እማ፣ ለውዝ አብዢበት እሺ?»

«የትኛውን?» አለች እማ።