የተቆራረጠች ትል እንዴት ተመልሳ ትገጥማለች?

እስቲ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆማችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሂዱና ድገሙት። ሁለቱን ፎቶዎች ብትደራርቧቸው አይገጥሙም። በሁለቱም ላይ የሚታይ ነገር፣ ለምሳሌ የድልድዩን መከለያ ጫፍ ፈልጋችሁ፣ አንዱን ማንሸራተትና ማዞር የግድ ነው። የትልን የነርቭ ካርታ ለመሥራት የተነሱ ሳይንቲስቶችም ራስ ምታታቸው ይኸው ነበር፤ የእነሱ ፎቶ ግን በሺዎች ይቆጠራል።

ሲድኒ ብሬነር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ካምብሪጅ ውስጥ ሴኖራብዳይቲስ ኤሌጋንስ የምትባል ትል መረጠ። ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የነርቭ ሕዋሶቿ 302 ብቻ። ችግሩ የኤሌክትሮን ጨረር ወፍራም ነገር ሰንጥቆ አያልፍም። ስለዚህ ትሏ 50 ናኖ ሜትር ገደማ እየሆነች መቆረጥ አለባት። አስሉት፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ 20,000 ቁራጭ ይወጣል! ቁራጩ ደግሞ ውኃ ላይ ተንሳፎ ሲነሳ ይዞራል፣ ይሸበሸባል፣ አንዳንዴም ይቀደዳል። ኒኮል ቶምሰን ትሎቹን ቆረጠ፤ ጆን ዋይትና አይሊን ሳውዝጌት እያንዳንዱን ነርቭ ከፎቶ ወደ ፎቶ በዓይን ተከተሉ። የዘመኑ ኮምፒውተር ለዚህ አቅም አልነበረውም። ሥራው የታተመው በ1986 ነው።

ኮምፒውተሩ ሲጎለብትም ችግሩ አላለቀም። ቤት ሞክሩት፦ ጎባጣ ሙዝ ቆራርጡና እያንዳንዱን ቁራጭ ልክ ከሥሩ ባለው ላይ ደርድሩ። ሙዙ ቀጥ አለ አይደል? ሁሉም ከጎረቤቱ ጋር ገጥሟል፤ ሙዙ ግን ሌላ ሙዝ ሆኗል። ጎረቤትን ብቻ ማየት አይበቃም ማለት ነው።

አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ያለችው ድንቅነሽ (ሉሲ) ከዚህ ጣጣ ተርፋለች። በ2008 አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ በሲቲ ስካን ለ10 ቀናት ስትነሳ ከ35,000 በላይ ምስሎች ወጡ። አጥንቷን ቢላ ስላልነካው ምስሎቹ ቦታቸውን አልሳቱም።

ቢላ የማይቀርለት ሥራስ? በ2004 ቪንፍሪድ ዴንክና ሃይንዝ ሆርስትማን ቢላውን ማይክሮስኮፑ ውስጥ አስገቡት። ፎቶ የሚነሳው ቁራጩ ሳይሆን የቀረው ግንድ ፊት ነው፤ ከዚያ ይላጣል፣ እንደገና ይነሳል። ግንዱ ስለማይነቃነቅ ምስሎቹ ከሞላ ጎደል የተስተካከሉ ናቸው። ግን የተላጠው በቃ፣ ተመልሶ አይታይም።

በ2024 የታተመው የፍራፍሬ ዝንብ አንጎል ካርታ የተሠራው በድሮው መንገድ፣ ወደ 7,000 ከሚጠጉ ቁራጮች ነው፤ 139,000 ገደማ ነርቮች አሉበት። አንድ ፎቶ ትንሽ ከተንሸራተተ ኮምፒውተሩ የአንዱን ነርቭ ክር ከሌላው ጋር ሊቀጥለው ይችላል። እንዲህ ያለውን ስህተት አንድ በአንድ ያረሙት ሰዎች ናቸው፣ በዓይናቸው።