ለድሮ መኪና ምትክ ሬዲዮ እንዴት ይመረጣል?

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ «ቮልስ» እየተባለ የሚጠራው ቮልስዋገን ቢትል ዛሬም አይጠፋም። በአሥመራ ትናንሾቹ ፊያቶች፣ በናይሮቢ ደግሞ የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮችና ፔዦ 404 መኪኖች ይታያሉ። የእነዚህ መኪኖች ሞተር በባለሙያ እጅ ለአሥርተ ዓመታት ሲታደስ ቢኖርም፣ ሬዲዮናቸው ግን ብዙውን ጊዜ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል።

ባለቤቱ ምትክ ለመግዛት ሲነሳ አስቀድሞ የሚያየው የአዲሱን ሬዲዮ መልክና ዋጋ ነው። ጉዳቱ የሚገለጠው ዘግይቶ ነው። ሬዲዮው እንዲገባ ተብሎ የተቆረጠን ክሩስኮት (ዳሽቦርድ) ወደ ነበረበት ለመመለስ የላሜራና የቀለም ሥራ ይጠይቃል። ያለ ጥንቃቄ የተያያዘ ሽቦ ደግሞ ሬዲዮውን ብቻ ሳይሆን መኪናውንም ሊያቃጥል ይችላል።

ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከሱቅ ሳይሆን ከመኪናው ነው። በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሥርዓቱ፣ ቀጥሎ የክሩስኮቱ ክፍተት፣ ከዚያም በአካባቢው የሚሰሙት ሞገዶች ሊታወቁ ይገባል። መልክና ተጨማሪ አገልግሎት የሚመጡት ከእነዚህ በኋላ ነው።

ነባሩን መጠገን ይቻላል?

ነባሩ ሬዲዮ በመኪናው ውስጥ ካለ የመጀመሪያው ጥያቄ መጠገን ይችላል ወይ የሚለው ነው። ትራንዚስተር ወደ መኪና ሬዲዮ የገባው በአውሮፓውያኑ 1950ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በተሠሩ ብዙ ሬዲዮዎች ላይ የሚያጋጥመው ችግር የደረቁ ካፓሲተሮች፣ ያረጀ የድምፅ መቆጣጠሪያና የላላ ብየዳ ነው። የሬዲዮ ጥገና የሚያውቅ ባለሙያ እነዚህን መለወጥ ይችላል።

ከዚያ በፊት የነበሩት፣ በብርጭቆ ቫልቭ የሚሠሩት ሬዲዮዎች ግን የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። የመኪናው ባትሪ 6 ቮልት ብቻ ቢሆንም በሬዲዮው ውስጥ የሚፈጠረው ኃይል 200 ቮልት አካባቢ ሊደርስ ስለሚችል፣ ልምድ የሌለው ሰው ሊከፍታቸው አይገባም።

ሌላው አማራጭ የነባሩን ሬዲዮ ፊትና ማዞሪያዎች እንዳሉ ትቶ ውስጡን በዘመናዊ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ መተካት ነው። ከውጭ ሲታይ ያው የድሮው ሬዲዮ ነው፤ ከስልክ በብሉቱዝ የሚመጣ ድምፅም ይቀበላል። ዋጋው ከተራ ሬዲዮ ከፍ ቢልም ክሩስኮቱ አይነካም።

6 ቮልት ወይስ 12?

በገበያ ላይ ያሉት ዘመናዊ የመኪና ሬዲዮዎች በአጠቃላይ የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ቢትሎች ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ባለ12 ቮልት ሆነዋል። ለሌሎች ገበያዎች ግን ከዚያ በኋላም ባለ6 ቮልት ቢትሎች ተሠርተዋል። በርካታ መኪኖች ደግሞ በጋራዥ ከ6 ወደ 12 ቮልት ስለተቀየሩ የምርት ዘመንን ብቻ አይቶ መወሰን አያዋጣም።

ክዳኖቹ በሚታዩበት የድሮ ዓይነት ባትሪ ላይ መለየቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ የባትሪ ክፍል 2 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ ሦስት ክዳን ያለው 6 ቮልት፣ ስድስት ክዳን ያለው ደግሞ 12 ቮልት ነው። በቮልት መለኪያ ማረጋገጡ ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል።

በ6 ቮልት መኪና ላይ ዘመናዊ ሬዲዮ ለመግጠም ኃይሉን ወደ 12 ቮልት የሚያሳድግ መሣሪያ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ስሌቱ ሊዘነጋ አይገባም። በ12 ቮልት 5 አምፔር የሚወስድ ሬዲዮ፣ በ6 ቮልት በኩል ቢያንስ 10 አምፔር ይስባል፤ በመቀየሪያው ውስጥ የሚባክነው ሲታከልበት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ሽቦውና ፊውዙ ይህን የሚችሉ መሆን አለባቸው።

የባትሪው ማሳ በየትኛው በኩል ነው?

ብዙዎች የሚዘነጉት፣ ነገር ግን ፈጥኖ ጉዳት የሚያደርሰው ጉዳይ ይህ ነው። በዛሬ መኪኖች ከቦዲው ጋር የሚያያዘው የባትሪው ኔጋቲቭ ነው። እስከ 1960ዎቹ ማብቂያ አካባቢ የተሠሩ ብዙ የብሪታኒያ መኪኖች፣ ከእነዚህም መካከል ሞሪስ ማይነርና የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች፣ ማሳቸው ፖዘቲቭ ነበር።

የዘመናዊ ሬዲዮ የብረት ሣጥን ከኔጋቲቭ ጋር የተገናኘ ነው። ይህ ሣጥን ፖዘቲቭ ማሳ ያለውን ቦዲ ሲነካ ኤሌክትሪኩ በአጭሩ ይዘጋል፤ ፊውዝ ከሌለ ሽቦ ይቀልጣል። መፍትሔው መኪናውን በሙያተኛ እጅ ወደ ኔጋቲቭ ማሳ ማስቀየር፣ አልያም የሚገባውና የሚወጣው ኤሌክትሪክ ፈጽሞ የማይገናኝበት መቀየሪያ መጠቀም ነው። በግምት ሁለቱን ሽቦዎች አገላብጦ ማያያዝ መፍትሔ አይደለም።

ክሩስኮቱን ከመቁረጥ በፊት

አሁን የተለመደው የመኪና ሬዲዮ ፊት 180 ሚሊሜትር ስፋትና 50 ሚሊሜትር ቁመት አለው። የድሮዎቹ ክፍተቶች ግን በአብዛኛው መሀል ላይ አንድ መስኮት፣ በግራና በቀኝ ደግሞ አንዳንድ የማዞሪያ ቀዳዳ ያላቸው ናቸው። በእነዚህ መኪኖች ላይ ሦስት ልኬቶች መወሰድ አለባቸው፤ ከአንዱ ማዞሪያ መሀል እስከ ሌላው መሀል ያለው ርቀት፣ የመስኮቱ ስፋትና ቁመት፣ እንዲሁም ከበስተኋላ ያለው ጥልቀት። በቢትል ላይ የዝናብ መጥረጊያው ሞተር ከክሩስኮቱ ጀርባ ስለሚገኝ ጥልቀቱን መለካት ግድ ነው።

እንደ ሬትሮሳውንድ ያሉ አምራቾች የማዞሪያዎቹ ርቀት የሚስተካከል ሬዲዮ ይሠራሉ። ብላውፑንክት ደግሞ የ1980ዎቹን መልክ የያዘውን ብሬመን ሬዲዮ በዘመናዊ ይዘት አቅርቧል። ይህ ለመደበኛው 180 በ50 ክፍተት የሚሆን በመሆኑ የሚስማማው በዚያ ዘመን ለተሠሩ መኪኖች ነው።

እንደ ፊያት 500 ያሉ፣ ለሬዲዮ የተዘጋጀ ክፍተት የሌላቸው መኪኖችም አሉ። ለእነዚህ የሚሻለው ከክሩስኮቱ ሥር በሚንጠለጠል ሣጥን ውስጥ መግጠም ወይም በርቀት መቆጣጠሪያ የሚታዘዝ ሬዲዮ ከወንበር ሥር መደበቅ ነው። በናይሮቢ እንደሚካሄደው የአፍሪካ ኮንኩር ደ ኤሌጋንስ ባሉ ውድድሮች መኪናን ለማቅረብ ላሰበ ባለቤት ያልተቆረጠ ክሩስኮት ትልቅ ሀብት ነው።

ሬዲዮው የአካባቢውን ጣቢያ ይይዛል?

በምሥራቅ አፍሪካ ገበያ ከጃፓን መኪኖች ላይ የተነቀሉ ሬዲዮዎች በብዛት ይሸጣሉ። በጃፓን የኤፍ ኤም ስርጭት የሚጀምረው ከ76 ሜጋኸርትዝ ሲሆን፣ ለረዥም ዘመን ጣሪያው 90 ነበር። በዚህ ቀጣና ግን ስርጭቱ ከ87.5 እስከ 108 ነው። በዚህ ምክንያት በአዲስ አበባ ሸገር 102.1ም ሆነ ኢትዮ ኤፍ ኤም 107.8 በእንዲህ ያለ ሬዲዮ ላይ አይገኙም።

ነጋዴዎች ለዚህ የሚያቀርቡት የሞገድ ማሸጋገሪያ ችግሩን በከፊል ብቻ ይፈታል። 14 ሜጋኸርትዝ የሚቀንስ ማሸጋገሪያ ሲገጠም 102.1 በሬዲዮው ላይ 88.1 ሆኖ ይሰማል። 107.8 ግን 93.8 ስለሚሆን እስከ 90 ብቻ በሚደርስ ሬዲዮ አሁንም አይያዝም።

ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩትም የራሳቸው ችግር አለባቸው። በኤፍ ኤም በ0.2 ሜጋኸርትዝ እየዘለሉ በ107.7 እና በ107.9 ላይ ስለሚቆሙ መሀል ያለውን 107.8 በትክክል አይመቱም። በመካከለኛ ሞገድ የሚዘሉት በ10 ኪሎኸርትዝ ሲሆን፣ የአፍሪካ ጣቢያዎች የተደለደሉት ግን በ9 ኪሎኸርትዝ ልዩነት ነው። አገር የሚመረጥበት ማስተካከያ ያለው ሬዲዮ ከሆነ ችግሩ ይወገዳል። ከመክፈል በፊት በሱቁ ውስጥ አብርቶ መሞከር ይገባል።

ከከተማ ወደ ከተማ ለሚጓዝ ሰው መካከለኛ ሞገድ ዛሬም ዋጋ አለው። ኤፍ ኤም በተራራ ሲጋረድ መካከለኛ ሞገድ፣ በተለይ በሌሊት፣ እጅግ ርቆ ይሰማል። የ1960ዎቹ አንዳንድ የአውሮፓ ሬዲዮዎች አጭር ሞገድም ነበራቸው፤ በዛሬዎቹ ላይ ግን ብርቅ ነው።

በአውሮፓ የድሮ መኪና ላላቸው ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን መልሱ የተለየ ነው። የኖርዌይ ብሔራዊ ጣቢያዎች በ2017 ኤፍ ኤምን ትተዋል፤ የስዊዘርላንድ የሕዝብ ማሰራጫም በ2024 ማብቂያ ተከትሏቸዋል። በእነዚህ አገሮች ዳብ ፕላስ የተባለውን ዲጂታል ስርጭት የማይቀበል ሬዲዮ መግዛት ብዙ አይጠቅምም።

ስፒከር፣ ባትሪና ጫጫታ

በብዙ የድሮ መኪኖች ከስፒከሩ ሁለት ሽቦዎች አንዱ ከቦዲው ጋር የታሰረ ነው። በዘመናዊ ሬዲዮ ላይ ይህ ከተደረገ የሬዲዮው ማጉያ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ሽቦዎች በቀጥታ ከሬዲዮው መምጣት አለባቸው። የስፒከሩ ኦህም በአዲሱ ሬዲዮ መመሪያ ላይ ከተጻፈው ማነስ የለበትም።

በሣጥኑ ላይ «4 በ50 ዋት» ተብሎ የተጻፈው ለቅጽበት የሚደረስበት ጣሪያ ነው፤ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በአንድ ስፒከር 20 ዋት አካባቢ ነው። ዲናሞ ያላቸው መኪኖች ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚያመነጩት ኃይል አነስተኛ ስለሆነ፣ መብራት በርቶ ተጨማሪ ማጉያ መግጠም ባትሪውን ያደክማል። ሳምንታት ቆሞ ለሚከርም መኪና ሰዓትና የጣቢያ ምርጫን የሚያስታውሰው የሬዲዮው ቋሚ መስመር ማጥፊያ ቢበጅለት ይመረጣል።

ሞተሩ ሲፈጥን አብሮ የሚጨምር ጫጫታ ከተሰማ ጥፋቱ የሬዲዮው ላይሆን ይችላል። የካንዴላ ገመዶች፣ የአንቴናው ማሳና ዝገት ያለበት ማያያዣ ቀድመው ሊፈተሹ ይገባል።

የተነቀለው ሬዲዮ

ሥራው ካለቀ በኋላ ነባሩ ሬዲዮ ባይሠራም እንኳ መጣል የለበትም። ማዞሪያዎቹና የፊት መስታወቱ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኙ ናቸው። ከነማያያዣዎቹ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ፣ መኪናውን ነገ የሚረከበው ልጅ ወይም ገዢ ወደ ቦታው ሊመልሰው ይችላል። ምትኩ ሬዲዮ በሚገባ ተመርጧል የሚባለውም፣ በተነሳ ጊዜ በመኪናው ላይ ምንም ጠባሳ ሳይተው ሲወጣ ነው።