አንድ ድግስ፣ ሁለት ቢላ

«ቡፌ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያወቅሁት በዕቃ ስምነቱ ነው። ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም፣ ባለ መስታወት፣ ባለ ቁልፍ ዕቃ። ውስጡ አበባ የተሳለባቸው ሳህኖችና ጠርዛቸው በወርቅ ቀለም የተከፈፈ ብርጭቆዎች ይደረደራሉ። ለማየት እንጂ ለመብያ አይደሉም። ዛሬ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ «ቡፌ ነው ያደረጉት» ሲባል የሚገባን ሌላ ነገር ነው፤ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከሥሩ እሳት የሚነድለት የሚያብረቀርቅ ድስት፣ ሳህን ይዞ የተሰለፈ ሰው። ቃሉን ያዋሱን ፈረንሳዮችም ዕቃውንም አበላሉንም በዚሁ በአንድ ስም ነው የሚጠሩት። እኛ ጋ ቃሉ ከሳሎን ዕቃ ወደ ድግስ ጠረጴዛ ሲሻገር ግን ብዙ ነገር አብሮ ተነቃንቋል።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ካለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመረቀች። ግብዣው ደሴ እናቷ ቤት ይሁን ተባለና ዘመድ ለምክር ተቀመጠ። እህቴ «እንደ ወጉ ጎረቤት ጠርተን እንሥራ» አለች። ተመራቂዋ «እማዬ፣ በኔ ምረቃ ቀን ጭስ ውስጥ ልትውይ ነው? ካተሪንግ እንጥራ» አለች። የእህቴ ባል መሐል ላይ ቆሞ «ወጥ ሠሪ እንቅጠር፣ ከብቱን እኛ እንረድ» ይላል። ክርክሩ ገንዘብ ላይ ብዙም አልቆየም። ጥግ ላይ ቡና የሚቀዱት ሙስሊሟ አክስታችን ቀና ብለው፣ «የኛን ማን ሊያርደው ነው?» ሲሉ ሁሉም ዝም አለ።

በወሎ ይህ ጥያቄ ከምግብ ዝርዝር በፊት ይመጣል። ለምን እንደሚመጣ ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ሊኖርብን ነው።

ደሴ ላይ ስለ ድግስ የሚያወራ ሰው አይጠየፍን ዘሎ ማለፍ አይችልም። አይጠየፍ ንጉሥ ሚካኤል በከተማዋ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። የዘመኑን የግብር ወግ ከአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት እናውቀዋለን፤ የዳግማዊ ምኒልክ አዳራሽ በአንድ ጊዜ ሺዎችን ይይዝ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መጀመሪያ በመጋረጃ ተከልለው ይበላሉ። ከዚያ መጋረጃው ይገለጣል፤ ሠራዊቱ በየተራ እየገባ፣ ብርንዶው በሰው ትከሻ እየዞረለት፣ በገዛ ቢላው እየቆረጠ ይበላል። ማን መቼ ይገባል፣ የት ይቀመጣል፣ ጠጁ በምን ይቀርብለታል የሚለውን አጋፋሪውና አሳላፊው ጠንቅቀው ያውቁታል። ያኔም የመስተንግዶ ስልት ነበር ማለት ነው፤ ስልቱ ማዕረግን ይከተል ነበር እንጂ።

የደሴው አዳራሽ ስም ግን ልብ ይሏል። «መጠየፍ» የገበታ ቃል እኮ ነው። ሰው ምግብ ይጠየፋል፣ ከማን እጅ እንደሚበላ ይጠየፋል፣ ከማን ጋር እንደሚቀርብ ይጠየፋል። የደሴ ሰው የስሙን ትርጉም ሲያስረዳ «ደሃ ከሀብታም፣ ሙስሊም ከክርስቲያን ሳይል ያስገባል ማለት ነው» ይላል። አዳራሹን ያሠሩት ሰው ራሳቸው ከሁለቱም ወገን ነበሩ። ከመጠመቃቸው በፊት ስማቸው መሐመድ ዓሊ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደሴ አፍንጫ ሥር ባለችው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠርተው የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ ሲወሰን ክርስትና ተነሡ፤ የክርስትና አባታቸውም አፄ ዮሐንስ ሆኑ። በግንቦት 1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ ነገሡ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርድ ዋናው ክስ ወደ እስልምና አዘንብሏል የሚል ነበር። አባትየውም በማግስቱ ወር ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ።

የቦሩ ሜዳው ነገር በአዋጅ ተወሰነ፤ ወጥ ቤት ግን በአዋጅ አይታዘዝም። በወሎ አንዱ ወንድም ተጠምቆ ሌላው ሳይጠመቅ የቀረበት፣ የተጠመቀውም የልጅ ልጅ ተመልሶ የሰለመበት ቤት ብዙ ነው። ዘሩ አንድ፣ ሃይማኖቱ ሁለት ሆነ። በአገራችን ደግሞ ሥጋ ሃይማኖት አለው። በስመ አብ ተብሎ የታረደውን ሙስሊሙ አይበላም፤ በቢስሚላህ የታረደውን ክርስቲያኑ አይበላም። የሌላውን ሥጋ መብላት እምነት እንደ መለወጥ ይቆጠር ስለነበር ነገሩ የአፍ ጣዕም ጉዳይ አይደለም። ታዲያ የወንድሙ ልጅ ሠርግ ላይ መቅረት የማይችል ሰው ምን ያድርግ?

ወሎ ያገኘው መልስ ሁለት ቢላ ነው። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ በሬውን ያርዳል፤ ለሙስሊም ዘመዶቹና ጎረቤቶቹ ደግሞ በግ ወይም ሌላ ከብት ገዝቶ በቁሙ ያስረክባቸዋል። ከዚያ በኋላ አያገባውም። አራጁን እነሱ ይመርጣሉ፣ ድስቱን ከቤታቸው ያመጣሉ፣ እሳቱን በሌላ ጥግ ያነዳሉ፣ መክተፊያና ጭልፋቸውን ለይተው ይይዛሉ። ደጋሹ ሙስሊም ሲሆንም እንደዚያው ነው። እንጀራው፣ ሽሮው፣ ሰላጣው፣ ቡናው የጋራ ነው። ጠላና ጠጅ ለማይጠጣው ብርዝ ወይም ቃሪቦ ይጠመቅለታል። ገበታው ለሁለት ይከፈላል፣ ድንኳኑ ግን አንድ ነው፤ ጨዋታውም እንደዚያው።

ይህን ሳስብ ሁሌ የሚገርመኝ የዋስትናው ነገር ነው። እንግዳው «ይህ ሥጋ የማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ ድስቱ አጠገብ የቆመችውን ሴት አይቶ ይበላል። የምታውቃት አክስትህ እዚያ ከቆመች ሌላ ማረጋገጫ ምን ያደርግልሃል? ካተሪንጉ ጠረጴዛው ላይ «የሙስሊም» የሚል ወረቀት ያቆማል። ወረቀቱ ሐሰት ነው አላልኩም። ግን ጭልፋው ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው መዝለሉን ማን ያያል? አሳላፊው ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ነገሩን ከቁብ የማይቆጥር ወጣት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ካተሪንግ የምትመርጡ ሰዎች ከዋጋው በፊት ይህን ጠይቁ፦ ሁለቱን ሥጋ የሚያርደውና የሚያበስለው ማን ነው? በአንድ ወጥ ቤት ነው በሁለት? ሳህኑስ አንድ ላይ ነው የሚታጠበው?

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ሙሉውን የጾም ማድረግ። ምስር፣ ሽሮ፣ አትክልት፣ ሩዝ፣ ፓስታ። ጣሊያን ከሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ደሴን ይዞ፣ መንገድ ቀይሶ፣ ኮምቦልቻን ወደ አሰብ መታጠፊያ አድርጎ ሲሄድ ፓስታና ማካሮኒን ትቶልን ነው የሄደው። ፓስታ ደግሞ ማንም አያርደውም። በጾም ቡፌ ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላል፤ አማኞቹን ሁሉ አንድ መስመር ላይ የሚያሰልፍ ብቸኛው ድግስ ይኸው ነው። ሽማግሌ ግን አይወድም። «ሥጋ የሌለበትማ ለቅሶ ነው እንጂ ድግስ ነው እንዴ?» ይላል።

የቀን መቁጠሪያውም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት እየቀደመ ስለሚመጣ በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ሲገባ ረመዳን የካቲት 22 ገባ። ያኔ ሁለቱን ወገን በምሳ የሚጋብዝ ቀን ፈልጎ ማጣት ነው። ምረቃ ደግሞ ክረምት መግቢያ ላይ ስለሚውል የሰኔ ጾም ይገጥመዋል። «የቄስ ጾም ነው» ብሎ የሚያልፈው ብዙ ቢሆንም፣ ሐምሌ 5 እስኪፈታ ሥጋ የማይቀምስ አያት በየቤቱ አለች።

የአየሩም ነገር አለ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሐረጎን ጠመዝማዛውን ሲወርዱ ግን ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ይወረዳል። ኮምቦልቻ ላይ ጠላ ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎም ይኮመጥጣል፤ እንጀራውም ይሻግታል። ደሴ ላይ ብርዱ ያቆየዋል፣ ግን ውኃው ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ ሥጋው ቶሎ አይበስልም። የኮምቦልቻ ወጥ ሠሪ ደሴ ወጥታ «እሳታችሁ ምን ሆኗል?» ብትል አትፍረዱባት። ወጡን አንዱ ከተማ አብስሎ በመኪና ወደ ሌላው የሚያመጣ ካተሪንግ ደግሞ በሐረጎ መጠምዘዣዎች ስንት ድስት እንደሚደፋ እሱ ነው የሚያውቀው።

ወሎ ላይ ድግስ ሲነሣ ዝም ብሎ የማይታለፍ ሌላ ነገር ረሃብ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ የወሎን ረሃብ የሚያሳየውን የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር አሰናኝቶ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግስቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። አሥር ዓመት ቆይቶ ያው ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት አዲስ አበባ ላይ በፌሽታ ሲያከብር፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም ሕዝብ በረሃብ ይረግፍ ነበር። ይህን ያየ ትውልድ ዛሬ አያት ነው። የልጅ ልጁ ሠርግ ላይ በሳህን ተቆልሎ የተተወ ምግብ ሲያይ ፊቱ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ በተሠራ ድግስ የተረፈው መንገድ አለው፤ በር ላይ ለቆመው ነዳያን ይወጣል፣ ማግስቱን ጎረቤት ይጠራበታል፣ በየቤቱ በሳህን ይላካል። በካተሪንግ ድግስ የተረፈው የማን ነው? በሰው ቁጥር ተዋውላችሁ የከፈላችሁበት ምግብ ሲመሽ በድርጅቱ መኪና ተጭኖ ሲሄድ አይቼ አውቃለሁ። ውል ስትፈጽሙ ይህንንም አስጽፉ።

አሁን ወደ ሴቶቹ ልምጣ። የጎረቤትን ድግስ የሚያወድሰው አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ የሚበላው ወንድ ነው። ሽንኩርቱ በኩንታል ተከትፎ፣ በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ቅቤው ተነጥሮ፣ ዶሮው በ12 ብልት ተበልቶ እዚያ እስኪደርስ ሴቶቹ ሳምንት ሙሉ ወገባቸው አልቀናም። ብዙ እናት የልጇን ሠርግ ያየችው በፎቶግራፍ ነው። የእህቴ ልጅ ያነሣችው ነጥብ ስለዚህ ቅንጦት አልነበረም፤ እውነት ነው ያለችው። የተስማማነውም እንዲህ ሆነ፦ ሁለቱ እርድና ሁለቱ የሥጋ ወጥ በዘመድና በጎረቤት እጅ፤ እንጀራው፣ አትክልቱ፣ ሳህኑ፣ አሳላፊውና እጥበቱ በካተሪንግ። አክስታችን በራሳቸው ጭልፋ እጀታ ላይ ቀይ ክር ቋጥረውበት፣ አሳላፊውን ልጅ «ይቺ ወደዚያ አትሄድም» አሉት። ልጁም ቀኑን ሙሉ ዓይኑ ከክሩ አልተነቀለም። እህቴ ልብሷን ቀይራ ከልጇ ጎን ፎቶ ተነሣች።

ድስቶቹን የተዋስነው ከእድር ነው። እዚህ ላይ ነው ካተሪንግ ምንም ሊተካው የማይችለው ነገር ያለው። በወሎ ገጠር ቅሬ የሚባለው፣ ከተማው ውስጥ እድር የምንለው ማኅበር ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ መዝገብ ይይዛል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ጋኑ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ድስት የተገዛው ለለቅሶ ነው፤ ለሠርግም ያገለግላል። ከዕቃው በላይ ደግሞ ሙያው አለ። ለሦስት መቶ ሰው ስንት ጨው እንደሚበቃ፣ ማን እሳት ላይ ማን ሊጥ ላይ እንደሚቆም፣ የሙስሊሙ ምድጃ የት እንደሚተከል የሚያውቁ ሴቶች አሉ። ይህን የተማሩት ድግስ በድግስ ነው።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሰሜን ወሎና ከሌላውም አካባቢ በጦርነቱ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴን ሲሞላ፣ ትምህርት ቤቶቹ በሰው ተጨናንቀው ሳለ፣ የከተማው ሰው ነው ከየቤቱ እያዋጣ እያበሰለ ያበላው። ድስቱ ያው የሠርጉና የለቅሶው ድስት ነበር። በዚያው ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ራሱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ሁለቱም ከተሞች እስከ ኅዳር 27 በሌላ ኃይል እጅ ቆዩ። በእነዚያ ቀናት ስልክ ደውሎ የሚጠራ ካተሪንግ አልነበረም።

የእኛ ሰፈር እድር በቅርቡ ባደረገው ስብሰባ ትልልቆቹ ድስቶች ይሸጡ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። «ሰው ሁሉ ካተሪንግ ነው የሚጠራው፣ መጋዘን አጣበቡብን፣ በገንዘቡ ፕላስቲክ ወንበር እንግዛበት» አሉ። እኔ እንዳይሸጡ እጄን አወጣሁ። ድምፁ እኩል ለእኩል ሆነና ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ።